የማሴይ ፈርጉሰን 135 የውሃ ፓምፕ እድሳት፦ ከመፍታት እስከ መልሶ መግጠም

በማሴይ ፈርጉሰን 135 ናፍጣ ትራክተር ላይ የሚገኘው የውሃ ፓምፕ እየተፈታ እንዲታደስ ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነው። ቤቱ ወፍራም ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው፤ ካልተሰነጠቀና ውሃ በልቶ ካላሳሳው በስተቀር የሚጣልበት ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ ብዙ ባለቤቶች ፓምፑ ማንጠባጠብ ሲጀምር ሙሉ ፓምፕ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ኩሽኔታውን ብቻ ያስቀይሩና ብዙም ሳይቆይ ወደዚያው ችግር ይመለሳሉ። ኩሽኔታ በዚህ ፓምፕ ውስጥ ብቻውን የሚሞትበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚገድለው ውሃ ነው፤ ውሃውን ያሳለፈው ደግሞ ያለቀው የካርቦን ማገጃና ካርቦኑ የሚፋተግበት የኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ጎማ) ፊት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ሁሉ እጅግ መጠንቀቅ ያለባችሁ እነዚህ ሁለት ፊቶች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። የቀረው ትዕግሥትና ንጽህና ነው።

ትራክተሩ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ፣ ባነር ሌን በተባለው ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሞተሩ የፐርኪንስ ኤዲ3.152 ነው፤ ሦስት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር ያህል። በቤንዚን የሚሠራም 135 አለና ይህ ጽሑፍ ለናፍጣው ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ሕንድና ፓኪስታን ውስጥ ይኸው የትራክተር ቤተሰብ በፈቃድ ሲመረት ስለኖረ መለዋወጫው እስከ ዛሬ ከገበያ አልጠፋም። አሮጌ 135 ላለው ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ለደጋ ገበሬ ደግሞ የውሃ ፓምፕ ጉዳይ የበለጠ ክብደት አለው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ወይም አሰላ ላይ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ የሚያመርተው ሙቀት አልቀነሰም፤ ውሃው ግን ስምንት ዲግሪ ቀድሞ እንፋሎት ይሆናል። ይህንን የሚክሰው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 7 የሚል ቁጥር ካለ 7 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ግፊት ይይዛል ማለት ነው፤ በዚያ ግፊት አሰላ ላይ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ወይም በጨርቅ የተወተፈ የራዲያተር አፍ ይህንን ጥቅም ያሳጣል። ፓምፑን አድሳችሁ ክዳኑን ብትተዉት ግማሽ ሥራ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት

ጥፋቱ በእርግጥ የፓምፑ መሆኑን አረጋግጡ። ስንዴ ሲወቃ የቆመ ትራክተር ራዲያተሩ ፊት በገለባና በእብቅ ተደፍኖ ይግላል፤ ይህ ከፓምፑ ጋር ግንኙነት የለውም። የላላ ቺንጋም እንዲሁ ያግላል። የላይኛውና የታችኛው የራዲያተር ቱቦ ማሰሪያቸው ላይ ሲያፈሱ ውሃው በማራገቢያው ነፋስ ተረጭቶ ፓምፑን ያርሰዋል፤ ሰው ደግሞ ፓምፑን ይከሳል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሁለት ነገር ሞክሩ። መጀመሪያ የማራገቢያውን ጫፍ ሁለት ተቃራኒ ክንፎች ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙ። የሚንኳኳ ጨዋታ ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ቀጥሎ ከፓምፑ አንገት ሥር፣ በፑሌጃው (ቺንጋው በሚዞርበት ጎማ) እና በሞተሩ መካከል ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ፈልጉ። ይህች ቀዳዳ ማገጃውን ያለፈ ውሃ ወደ ኩሽኔታው ሳይደርስ ወደ ውጭ እንዲወርድ የተተወች ናት። ከእሷ ሥር የዝገት ቀለም ያለው መስመር ወይም ነጭ የደረቀ ጨው ካያችሁ ማገጃው አሳልፏል። ቀዳዳዋን በእንጨት ወይም በብሎን የወተፈ ሰው ውሃውን በቀጥታ ወደ ኩሽኔታው ልኮታል። እንዲህ ያለ ፓምፕ ሲፈታ ግሪሱ እንደ ቡና አተላ ሆኖ ይገኛል።

ማውረድ

የጋለ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። እንፋሎቱ ፊትና እጅ ይልጣል፤ በዚህ ቀልድ የለም። ሞተሩ በደንብ ሲበርድ ክዳኑን አንሡ፤ ከራዲያተሩ ሥርና ከሞተሩ ጎን ያሉትን ሁለቱንም ማፍሰሻዎች ክፈቱ። የሞተሩ ጎን ማፍሰሻ ብዙ ጊዜ በዝቃጭ ስለሚደፈን ምንም ካልወጣ በሽቦ ጎርጉሩት። ፈሳሹ ፀረ በረዶ የተቀላቀለበት ከሆነ በባልዲ ሰብስቡት፤ ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ነገሩ ግን መርዝ ስለሆነ ውሻና ጥጃ እንዳይልሰው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

የባትሪውን መሬት ገመድ ንቀሉ። የፊት ሽፋኑን አንሥታችሁ ራዲያተሩን አውጡ። ራዲያተሩን እንዳለ ትቶ በጠባቡ ቦታ መሥራትም ይቻላል፤ እኔ ግን ማውጣቱን እመርጣለሁ። የመፍቻ ጫፍ ስስ ቱቦዎቹን ሲወጋ የሚጨመረው ወጪ ከድካሙ ይበልጣል፤ ደግሞም ራዲያተሩ ከወጣ በኋላ ፊቱን ከኋላ ወደ ፊት በውሃ ለማጠብ ይመቻል።

የዲናሞውን ማስተካከያ አላልታችሁ ቺንጋውን አውጡ፤ ማራገቢያውን ከፑሌጃው ፍቱ። ከዚያ ፓምፑን ከሞተሩ ጋር የያዙትን ብሎኖች አንድ በአንድ እየፈታችሁ በካርቶን ላይ በቦታቸው ልክ ሰኩ፤ ርዝመታቸው ላይመሳሰል ይችላል። የዛገ ብሎን እምቢ ካለ ዘይት ቀብታችሁ እስከ ማግስቱ ተዉት፤ ከዚያ በትንሹ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው እያመላለሳችሁ ፍቱት። በኃይል የተቆረጠ ብሎን በመሰርሰር ሊወጣ የሚችለው በብዙ ድካም ነው። ብሎኖቹ ሁሉ ወጥተው ፓምፑ ከተጣበቀ በጎማ መዶሻ ጎኑን መታ መታ አድርጉ። በካቻቪቴ መሀል ገብታችሁ አትፈልቅቁ፤ የምትጭሩት ፊት ነገ ጓርኒሲዮኑ (በፓምፑና በሞተሩ መሀል ውሃ የሚያግደው ስስ ወረቀት) የሚያርፍበት ነው።

መፍታት

ማንኛውንም ነገር ከመንቀላችሁ በፊት ሁለት ልኬት ውሰዱና በወረቀት ጻፉ። አንደኛው ኢምፔለሩ ከፓምፑ ቤት ምን ያህል ርቆ እንደተቀመጠ ነው። ሁለተኛው ፑሌጃው ዘንጉ ላይ ምን ያህል ገብቶ እንደተቀመጠ ነው። ፑሌጃው በሁለት ሚሊሜትር ቢዛነፍ ቺንጋው በሰያፍ እየሮጠ ጠርዙን ይበላል። ሁለቱን ልኬቶች ያልጻፈ ሰው ሲገጥም በግምት ይሠራል።

የፑሌጃውን ዳዶ ፍቱ፤ ፑሌጃውን በመንቀያ ሳቡ። በመዶሻ አትምቱት። ጊዛ ሲመታ አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ኢምፔለሩን በመንቀያ አውጡ። መንቀያው የሚይዝበት ካጣ ወይም ኢምፔለሩ በዝገት ከተቆላለፈ ፓምፑን ፕሬስ ያለበት ጋራዥ ውሰዱት፤ ለአንድ ጭነት የሚከፈለው ከአንድ ኢምፔለር ዋጋ ያነሰ ነው።

ኢምፔለሩ ሲወጣ የካርቦን ማገጃው ይታያል። ይህ የሚጣል ስለሆነ እንደፈለገ ይሰበር፤ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠበትን ክብ ግን አትጫሩት። አሁን ከፊት በኩል፣ በፑሌጃው ወገን፣ ኩሽኔታውን የያዘውን የመቆለፊያ ቀለበት በፒንሳ አውጡ። ከዚያ በኋላ ዘንጉ ከሁለቱ ኩሽኔታዎችና በመካከላቸው ካለው የማራራቂያ ቱቦ ጋር ወደ ፊት ይወጣል። በፕሬስ ከኋላ ግፉት።

ፕሬስ ለሌለው አንድ ዘዴ አለ። የፓምፑን ቤት በትልቅ ድስት የፈላ ውሃ ውስጥ ለሩብ ሰዓት ያህል ንከሩት። ጊዛው ሲሞቅ በጥቂቱ ይሰፋል። በወፍራም ጓንት አውጥታችሁ በሁለት እንጨቶች ላይ አስቀምጡና በዘንጉ የኋላ ጫፍ ላይ የመዳብ ወይም የነሐስ ቁራጭ አድርጋችሁ በቀስታ ብትመቱት ይንሸራተታል። በችቦ እሳት ማሞቅ ግን አልመክርም፤ አንዱ ጎን ቀድሞ ይሞቅና ቤቱ ይሰነጠቃል።

ከኋለኛው ኩሽኔታ በስተጀርባ ከሱፍ የተሠራ ቀለበትና እሱን የያዙ ሁለት ስስ የቆርቆሮ ሳህኖች አሉ። ጎድጓዳ ጎናቸው ወዴት እንደሚያይ ከማውጣታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ።

ማጽዳትና መለካት

ቤቱን በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ እጠቡ። የመንጠባጠቢያዋን ቀዳዳ በሽቦ አሳልፉ፤ ብርሃን ማየት አለባችሁ። የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ቅሪት በስለት ሳይሆን በደነዘ ምላጭ አንሡ።

ዘንጉን በወፍራም መስታወት ላይ አንከባልሉት። ከሥሩ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን ካሳየ ጎብጧል፤ ይጣል። ኩሽኔታው የተቀመጠባቸውን ሁለት ቦታዎች ደግሞ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ኩሽኔታው ቆሞ ዘንጉ ብቻውን ሲዞር ከነበረ ቦታው ሰማያዊ ወይም የተበላ ይሆናል፤ አዲስ ኩሽኔታ እዚያ ላይ በእጅ ከገባ ዘንጉ አብቅቷል። በቀጭን ቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበቅ የሚባለውን ነገር አትሞክሩት። ኢምፔለሩ የሚገባበት ጫፍም ጥብቅ መሆን አለበት። እዚያ የላላ ኢምፔለር ዘንጉ ሲዞር እሱ ይቆማል፤ ምንም ውሃ ሳይፈስ፣ ምንም ድምፅ ሳይሰማ ሞተሩ ይግላል። ከሁሉም ጥፋቶች ለማግኘት የሚያስቸግረው ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በዚህ ፓምፕ የካርቦን ማገጃው ከቤቱ ጋር ቆሞ ይቀራል፤ የሚዞረው ኢምፔለሩ ነው። ካርቦኑን ከበስተጀርባው ያለ ሞላ እየገፋ ከኢምፔለሩ ፊት ጋር ያጣብቀዋል። ውሃው የሚታገደው በእነዚህ ሁለት ልሙጥ ፊቶች ብቻ ነው። ከዓመታት ሥራ በኋላ ካርቦኑ ኢምፔለሩ ላይ ክብ ቦይ ይቆፍራል፤ ሞተሩ ለወራት ሲቆም ደግሞ እዚያው ቦይ ውስጥ ዝገት ይነሣል። አዲስ ካርቦን በዚህ ቦይ ላይ ብታስቀምጡ በጥቂት ቀናት ይፈጫል። ኪት (የእድሳት ዕቃዎች ስብስብ) ገዝቶ ኢምፔለሩን እንዳለ የመለሰ ሰው ፓምፑ ለምን ወዲያው እንዳፈሰሰ ግራ ይገባዋል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ኢምፔለሩን በብርሃን አዙራችሁ እዩት። ቦዩ ጥልቀት ከሌለው ወፍራም መስታወት ላይ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ዘርጉ፤ ባለ 400 ቁጥሩን ጀምሩ፣ ከዚያ 800፣ በመጨረሻ 1200። ወረቀቱን እያራሳችሁ የኢምፔለሩን ፊት በስምንት ቁጥር ቅርጽ አሹት፤ በየጥቂቱም ሩብ ዙር አዙሩት፤ እጃችሁ በአንድ ወገን የበለጠ እንዳይጫን። ፊቱን በእስክሪብቶ ካሰመራችሁበት መስመሩ ሁሉም ቦታ እኩል ሲጠፋ ሥራው አልቋል። ቦዩ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ቶርኖ ቤት ውሰዱትና በቀጭኑ ያስላጡት፤ እስከ ግማሽ ሚሊሜትር ቢቀነስ የማገጃው ሞላ ይሸፍነዋል። ከዚያ በላይ ከተበላ ወይም ክንፎቹ በዝገት ከሳሱ አዲስ ኢምፔለር ግዙ። ፊቱ ላይ ነጭ የሸክላ ቀለበት የተገጠመለት ኢምፔለር ከሆነ ደግሞ ቀለበቱን አትፈጩት፤ ከተሰነጠቀ ከነኢምፔለሩ ይቀየራል።

መለዋወጫ ሲገዛ

አሮጌውን ፓምፕ ይዛችሁ ሂዱ። ትራክተሩ በቆየባቸው ዓመታት የዘንጉ ርዝመትና የፑሌጃው ዓይነት ተለዋውጧል፤ የሞዴሉን ስም ብቻ ነግሮ ትክክለኛ ኪት ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። ኪቱ ዘንግ፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ ማገጃ፣ የሱፍ ቀለበት፣ የመቆለፊያ ቀለበትና ጓርኒሲዮን መያዝ ይኖርበታል።

ኩሽኔታውን ለብቻ ከኩሽኔታ ሱቅ የምትገዙ ከሆነ በጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። በተለመደው አቆጣጠር የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የቀዳዳውን ስፋት ይናገራሉ፤ 02 ማለት 15 ሚሊሜትር፣ 03 ማለት 17 ሚሊሜትር ነው፤ ከ04 ጀምሮ በአምስት ይባዛል፣ ስለዚህ 04 ማለት 20 ሚሊሜትር ነው። ይሁንና እነዚህ የእንግሊዝ ሞተሮች በኢንች የተለካ ዕቃም አላቸውና ዘንጉን በካሊፐር ለኩት። አምስት ስምንተኛ ኢንች ማለት 15.875 ሚሊሜትር ነው፤ ቀዳዳው 16 ሚሊሜትር የሆነ ኩሽኔታ ቢገባለትም ይላላል። አንድ ጎኑ የተሸፈነ ኩሽኔታ መሆኑንም አረጋግጡ።

መገጣጠም

እጃችሁን ታጠቡ፤ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፉ። የኋለኛውን ኩሽኔታ ዘንጉ ላይ አስገቡ፣ የማራራቂያ ቱቦውን አስከትሉ፣ ከዚያ የፊተኛውን። የሁለቱም የተሸፈነ ጎን ወደ ውጭ፣ ወደ ዘንጉ ጫፎች ይመልከት፤ ክፍት ጎኖቻቸው እርስ በርስ ይተያዩ። ስትገፉ ግፊቱ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ ይረፍ። የውጩን ቀለበት ገፍቶ ዘንግ ላይ ያስገባ ሰው ኳሶቹን በጎድጓዳቸው ላይ አትሟቸዋል፤ ፓምፑ ገና ሳይሰቀል ይንጫጫል።

በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሙቀት በሚችል ግሪስ እስከ ግማሽ ሙሉ። እስከ አፉ መሙላት ደግነት ይመስላል፤ ግን ግሪሱ ሲሞቅ ይሰፋና መውጫ ፍለጋ ወደ ካርቦኑ ይሄዳል።

የሱፉን ቀለበትና ሁለቱን ሳህኖች በፎቶው ላይ እንዳሉት መልሱ። የፓምፑን ቤት እንደገና በፈላ ውሃ አሙቁት፤ ዘንጉን ከነኩሽኔታዎቹ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩ። የሞቀውን ቤት በደንብ አድርቃችሁ ቀዝቃዛውን ከፊት በኩል አስገቡት፤ በዚህ ዘዴ ጥቂት ግፊት ብቻ ይበቃዋል። አሁን ግፊቱ በውጩ ቀለበት ላይ ይሁን። የመቆለፊያ ቀለበቱ ቦዩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባቱን በጆሮ ሳይሆን በዓይን አረጋግጡ። ዘንጉን በእጅ አሽከርክሩ፤ ያለ መንጠቅ፣ ያለ መክበድ መዞር አለበት።

ፑሌጃውን በጻፋችሁት ልኬት አስገቡ፤ ስትገፉ የዘንጉን የኋላ ጫፍ ደግፉ። አዲስ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ እሰሩለት።

ማገጃው ካርቦኑ ወደ ኋላ፣ ወደ ኢምፔለሩ እንዲያይ ሆኖ ይገባል። በውጨኛው የብረት ጠርዙ ዙሪያ ስስ ማጣበቂያ ቀቡ፤ ጠርዙን ብቻ በሚነካ ቱቦ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። ካርቦኑን በጣት አትንኩት። ግሪስ ወይም ዘይት ከነካው በአልኮል ጥረጉት። በአንድ ወገን ያዘነበለ ማገጃ አያግድም፤ ዙሪያውን በካሊፐር ለክታችሁ እኩል መቀመጡን እዩ።

ካርቦኑንና የኢምፔለሩን ፊት በንጹሕ ውሃ አርሱ፤ በደረቁ ከተነሣ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ያቃጥሉታል። ኢምፔለሩን ስትገፉ ከሥር የምትደግፉት የዘንጉን የፊት ጫፍ ነው፤ የፓምፑን ቤት ከደገፋችሁ ያ ሁሉ ኃይል በአዲሶቹ ኩሽኔታዎች ያልፋል። በጥቂት በጥቂቱ ግፉ፤ የጻፋችሁት ልኬት ላይ ስትደርሱ ቁሙ። በክንፎቹና በቤቱ መካከል ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ክፍተት ይቀራል፤ በስፔሶር (የክፍተት መለኪያ) ቅጠል ዙሪያውን ለኩት። በጣም ከራቀ ፓምፑ ውሃ መግፋት ያቅተዋል፤ ከነካ ይፍቃል። ሲጨርስ በእጅ አዙሩት። ካርቦኑ ስለሚይዘው ትንሽ ይከብዳል፤ የብረት ፍቂያ ድምፅ ግን ፈጽሞ መሰማት የለበትም።

መልሶ መስቀልና ውሃ መሙላት

ጓርኒሲዮን ከሌላችሁ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ከሚወፍር የጓርኒሲዮን ወረቀት ቁረጡ። የፓምፑን ፊት በጥቂት ዘይት ቀብታችሁ ወረቀቱ ላይ ብታትሙት ቅርጹን ይሰጣችኋል። ብሎኖቹን በመስቀለኛ ተራ፣ በሁለት ዙር አጥብቁ። በአንድ ጊዜ አንዱን ጥግ ያጠበቀ የጊዛውን ጆሮ ይሰብራል።

ፓምፑ ተፈትቶ ሳለ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን መንገድ የሚዘጋውን ዕቃ) መሞከር ተገቢ ነው። በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ አስገቡና አሙቁ፤ ላዩ ላይ በተጻፈው ዲግሪ መከፈት መጀመር አለበት። በደጋ አገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ 82 የሚል ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከ90 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሊሆን ስለሚችል በድስት ውሃ ውስጥ እስከ መጨረሻው ላይከፈት ይችላል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ መጀመሩን ካያችሁ ደህና ነው። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየቦታው የተለመደ ነው፤ እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሳይሞቅ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ነዳጅ ያባክናል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል።

ሥርዓቱ ወደ 10 ሊትር ገደማ ይይዛል። ግማሹን የዝገት መከላከያ ያለው ኩላንት፣ ግማሹን የዝናብ ውሃ አድርጉት። በረዶ በሌለበት አገር ኩላንት ምን ያደርጋል የሚል ሰው አለ፤ የሚፈለገው ለበረዶው ሳይሆን ዝገትን ለመከላከልና ካርቦኑን ከሚፍቀው ደለል ለመጠበቅ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን የበዛበት ስለሆነ አትጠቀሙበት፤ የወንዝ ውሃም ደለሉን ይዞ ይገባል።

ትራክተሩን በሜዳ አቁማችሁ በቀስታ ሙሉ፤ የላይኛውን ቱቦ እየጨመቃችሁ አየሩን አስወጡ። ቺንጋው በረጅሙ ወገን መካከል ላይ በአውራ ጣት ሲጫን ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ይግባ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ቺንጋ አዲሱን ኩሽኔታ ቀስ ብሎ ይገድለዋል። ሞተሩን ያለ ክዳን አስነሡና በዝግታ አዙሩት፤ ውሃው ሲወርድ ጨምሩ፣ ከዚያ ክዳኑን ግጠሙ።

በመጀመሪያው ሰዓት ከመንጠባጠቢያዋ ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ሊወርድ ይችላል፤ ካርቦኑና ኢምፔለሩ እየተላመዱ ነው። ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላም ካላቆመ ማገጃው አዘንብሏል ወይም የኢምፔለሩ ፊት በደንብ አልተለሰለሰም፤ ቀዳዳዋን ሳይሆን ፓምፑን እንደገና ክፈቱ። ከመጀመሪያው የእርሻ ቀን በኋላ ሞተሩ ሲበርድ የውሃውን መጠን እዩ፣ የፓምፑን ብሎኖች አንድ ጊዜ ፈትሹ፣ አዲስ ቺንጋ ከሆነም ስለሚለጠጥ እንደገና ወጥሩት።